እማዬ ጸበል ናት

ዛሬም እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ወይም ወስዶ መልሶኛል፣ አላውቅም። የማውቀው ጣሪያው ላይ የተከመረው በረዶ እየተንሸራተተ ጓሮ ሲወድቅ ድፍ ማለቱን፣ ድፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ሰው የመጣ እየመሰለኝ መደንገጤን ነው። ገና በደንብ ሳይነጋ ማን ይመጣል? በዚህች የጃፓን ከተማ፣ ኦማኪ ውስጥ፣ ሰው ሰው ቤት ዝም ብሎ አይመጣም፤ ከመምጣቱ በፊት ይደውላል፣ ከመደወሉ በፊት ልደውል ወይ ብሎ መልእክት ይልካል፣ ከመጣ በኋላም በር ላይ ቆሞ ስላስቸገርኩ ይቅርታ፣ ስላስቸገርኩ ይቅርታ ሲል ሻዩ ይበርዳል። እኔም እንደነሱ ሆኛለሁ። ባለፈው ለአከራዬ ለእማማ ኩዶ መንደሪን ልሰጥ ግቢውን ተሻግሬ ሄጄ፣ ጎንበስ ቀና ጎንበስ ቀና ብዬ ስመለስ ራሴን ታዘብኩና፣ እማዬ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር ብዬ ማሰብ ጀምሬ መሐል ላይ ቆረጥኩት። አሁን የማስበው እንዲህ ነው፣ እየቆረጥኩ። እማዬ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እግሬን አንሥቼ እሻገረዋለሁ፣ የበሰበሰ ሳንቃ እንደሚሻገር ሰው። ስልኩን ወለሉ ላይ በተነጠፈው የሣር ምንጣፍ፣ ታታሚው ላይ በፊቱ ደፍቼዋለሁ። እሑድ ነው። እሑድ ጎባ የምደውልበት ቀን ነው።

ደወልኩ እንበል። የምታነሣው እትዬ አስካለ ናት፣ ሁልጊዜ እሷ ናት፤ ታላቄ ናት፣ ነርስ ናት፣ ክፉ ወሬ ሰው ቤት ሲገባ ስታይ የኖረች ሴት ናት፣ ድምጿ አይንቀጠቀጥም። ሶስዬ ደህና ነሽ፣ በረዶው እንዴት ነው፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ትለኛለች። ደህና ነኝ፣ በረዶው ብሷል፣ ጉንፋኑ ለቆኛል እላታለሁ። ከዚያ ዝም እንላለን። ዝምታው ውስጥ የጎባ ውሻ ይጮኻል፣ የጎረቤት ራዲዮ ይሰማል፣ አንድ ሰው ባልዲ ያስቀምጣል፤ ያን ባልዲ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዬን ስልኩ ላይ እተክላለሁ፤ እማዬ ባልዲ ስታስቀምጥ ማንጠልጠያውን በጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ ነው የምታወርደው፣ አይንኳኳም፤ ይኼኛው ይንኳኳል። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ስደውል እማዬ ተኝታለች አለችኝ እህቴ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ናት አለችኝ። በሚቀጥለው ሰው ልትጠይቅ ሄዳለች። ክረምቱ ሲገባ እማዬ ጸበል ናት ማለት ጀመረች፤ እግሯን አሟት ነው፣ ጸበሉ ቦታ ስልክ አይሠራም፣ ስትመለስ እናስደውልልሻለን። አልተመለሰችም። ክረምት ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ ገና አለፈ፣ እማዬ ጸበል ናት። እኔም እግሯን ተሻላት ወይ እላለሁ፤ እየተሻላት ነው ትለኛለች። ከዚያ፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ እማዬን አገናኚኝ ማለት ተውኩ። እህቴ መዋሸት እንዳይከብዳት ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። እሱም ውሸት ነው። ካልጠየቅሁ አትነግረኝም፣ ካልነገረችኝ አልሆነም።

በመከር አንድ እሑድ ስልኩ በስሕተት ምስል ከፈተ። እህቴ ካሜራው ተበላሽቷል እያለች ለወራት በድምፅ ብቻ ነበር የምታወራኝ፣ እኔም ለምን አታሠሪውም ብዬ አልጨቀጨቅኋትም፤ የዚያን ቀን ጣቷ ምን እንደነካ እንጃ፣ ድንገት ፊቷ መስታወቱን ሞላው። ጠጉሯ አጭር ነው፣ ከጆሮዋ በላይ የተቆረጠ፣ ቀሚሷ ጥቁር ነው፣ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችውም ጥቁር ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ዞር አልኩ። እማማ ኩዶ እንዲደርቅ ብለው መስኮቴ ፊት ለፊት በክር ያንጠለጠሉትን ካኪ የሚባለውን የአገሩን ፍሬ ማየት ጀመርኩ፣ ቆዳው የተላጠ፣ ፀሐይ ሲመታው ብርቱካን የመሰለ፣ አንድ በአንድ አየሁት። እሷ ወዲያው ዘጋችው። መልሳ ደውላ ኔትወርኩ መጥፎ ነው አለችኝ። እዚህም መጥፎ ነው አልኳት። ሁለታችንም ያየነውን ሳናየው ቀረን። ስለ ጠጉሯ ብጠይቃት ሙቀቱ አስቸግሮኝ ነው ትለኝ ነበር፣ በጎባ ብርድ፤ እኔም አምንላት ነበር።

ለምን እንደማትነግረኝ አውቃለሁ፤ ክፋት አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ዘነበች ቤሩት ሳለች አባቷ ሲሞቱ፣ ወንድሟ ስልክ ሊያነሣ ሲል እጁን የያዘችው እማዬ ናት። ብቻዋን አትሰማም አለች፣ ሰው ይፈለግላት። ተፈለገ፤ ቤሩት የምትሠራ የሮቤ ልጅ ተገኘች፣ እሷም ሌሎች ሰበሰበች፣ በእረፍት ቀናቸው በማለዳ፣ ምንም ሳትቀምስ ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ይዘው፣ መርዶውን አረዷት። እኔስ? ለእኔ ማን ይፈለጋል? ኦማኪ ውስጥ ያለሁት አበሻ እኔ ብቻ ነኝ፤ ትልቁ ከተማ ሳካታ ድረስ በባቡር ብሄድ ከእኔ ሌላ የለም፤ ቶኪዮ አሉ ይባላል፣ አላውቃቸውም፣ አያውቁኝም። እህቴ ጎባ ሆና የምታየው ይታየኛል፤ እኔን ባዶ ክፍል ውስጥ ከስልክ ጋራ፣ የሚደግፈኝ እጅ ሳይኖር። በነሐሴ እረፍት ልሄድ እችል ነበር። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ የአውሮፕላን ትኬት ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ስሜን ጽፌያለሁ፣ መነሻ ጽፌያለሁ፣ መድረሻ ጽፌያለሁ፤ የመጨረሻውን ቁልፍ ሳልጫን እስክሪኑ እስኪጠፋ አየሁት። ሄጄ በሩን የሚከፍትልኝ ማን እንደሆነ ፈራሁ። ያን ሰሞን አውሎ ነፋስ ነበርና ለእህቴ በረራ ተሰርዟል አልኳት። ግድ የለም ሶስዬ አለችኝ፣ ቶሎ ብላ፣ እፎይ እንደማለት ብላ። እየተባበርን ነበር ማለት ነው።

ሥራዬ ድምፅ መሆን ነው። ትምህርት ቤት ስደርስ የውጭ ጫማዬን አውልቄ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ፣ የውስጡን አደርጋለሁ፣ መምህራን ክፍል በር ላይ ጎንበስ እላለሁ፣ የማለዳው ስብሰባ ላይ ከሌሎቹ ጋር ቆሜ ስለ ጉንፋን ጭምብልና ስለ በረዶ መጥረጊያ ተራ እሰማለሁ፤ ከዚያ ከሆሺና ጋር ክፍል እገባለሁ። ሆሺና የእንግሊዝኛ መምህሩ ነው፤ ሰዋስው እንደሱ የሚያውቅ የለም፣ መናገር ግን ይፈራል፤ በጃፓንኛ ሲያስረዳ ይቆይና ወደኔ ዞሮ አገጩን ነቅነቅ ሲያደርግልኝ እኔ አነባለሁ፣ ልጆቹ ይደግማሉ፣ አነባለሁ፣ ይደግማሉ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። እረፍት ላይ ከበው፣ ሶስና ሰንሴ፣ መምህርት ማለታቸው ነው፣ አገርሽ አንበሳ አለ ወይ፣ እዚያ በረዶ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ይሉኛል፤ እኔ የመጣሁበት ከተማ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል ስላቸው፣ ከፊት የምትቀመጠው ቺናሚ የምትባለዋ ልጅ፣ ሰንሴ ትቀልጃለሽ ትለኛለች። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ከምሳ በኋላ አብረን ወለል እንወለውላለን። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኒሺዋኪ ግን አይቀልዱም። አንድ ቀን ከሽንት ቤት መውጣት የሌለበትን የሽንት ቤቱን ነጠላ ጫማ ረስቼ እንዳደረግሁት መምህራን ክፍል ገባሁ፤ ኒሺዋኪ አዩኝ፣ ቃል አልተናገሩም፤ በማግሥቱ ሽንት ቤቱ በር ላይ በሦስት ቋንቋ ማሳሰቢያ ተለጥፎ አገኘሁ፣ አንደኛው በአማርኛ፣ ከኮምፒውተር የተገለበጠ፣ «ጫማ ተመለስ» የሚል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚያነበው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ወላጆች ክፍል ገብተው የሚያዩበት ቀን አንድ አባት ጥያቄ አነሡ። ይህቺ መምህርት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻዋ አይደለም፣ ልጆቻችን የማን አነጋገር ነው የሚለምዱት፣ እውነተኛ የእንግሊዝኛ ሰው አይገኝም ወይ ብለው። ይህን የነገሩኝ ኒሺዋኪ ናቸው፤ እንደዚህ ተብሏል፣ ማወቅ ስለሚገባዎት ነው ብለው፣ ከኔ ጋር ይሁኑ ከሰውየው ጋር ፊታቸው ሳይናገር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ስናገር ራሴን እሰማለሁ። ቃሉ ጥርሴን ሲነካ እሰማዋለሁ። ውሌ የሚታደሰው በበረዶው ወራት መጨረሻ ነው፤ ባይታደስ ቪዛው አብሮ ያልቃል፣ ቪዛው ካለቀ ወደ አገር መግባት ነው፣ አገር ከገባሁ በሩን ማንኳኳት ነው። ሰው ከሥራው እንዳይባረር ለእንጀራው ሲል ይፈራል። እኔ የምፈራው ያንን በር ነው።

ሰኞ ዕለት ነው የሆነው። መጽሐፉ ላይ የስልክ ንግግር ላይ ደርሰናል። ሆሺና ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ለጥፏል፤ አንዲት ልጅ ቀይ ስልክ ይዛ ትሥቃለች። ሆሺና ደዋዩ ነው፣ እኔ መላሿ። ኮስተር ብሎ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሄሎ፣ እናትሽን ማነጋገር እችላለሁ ወይ አለኝ። የኔ መልስ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፣ አጭር ናት፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ በዚህ ወቅት ያነበብኳት ናት፤ ይቅርታ፣ እናቴ አሁን ቤት የለችም፣ ስትመለስ እንድትደውል ልንገራት? አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ሆሺና ያልሰማሁት መስሎት ደገመው፣ እናትሽን ማነጋገር እችላለሁ ወይ። ክፍሉ ዝም ብሏል፣ የጋዝ ማሞቂያው ብቻ ይነፋል፣ ልጆቹ ሊደግሙ አፋቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁኛል፤ እኔ ካልኩት ሁሉም ሊሉት ነው፣ በአንድ ድምፅ፣ እናቴ ቤት የለችም። ቺናሚ የረሳሁት መስሏት ቀስ ብላ ሹክ አለችኝ፣ ሰንሴ፣ እናቴ ቤት የለችም ነው የሚለው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። መምህር ክፍል ትቶ አይወጣም፣ እዚህ አገር ይህ የለም። ኮሪደሩ ላይ ካሉት የእጅ መታጠቢያዎች አንዱን ከፍቼ ውኃው ሲሄድ ቆሜ አያለሁ፤ ከኋላዬ ሆሺና የድምፅ ማጫወቻውን ከፍቶት የአንዲት ፈረንጅ ድምፅ እናቴ ቤት የለችም ሲል፣ ልጆቹም ሲደግሙ እሰማለሁ።

ኒሺዋኪ ጠረጴዛቸው አጠገብ አስቀመጡኝ። አልተቆጡም። አመመዎት ወይ አሉኝ፣ አላመመኝም አልኩ። ቤተሰብ ደህና ነው ወይ አሉኝ፣ ደህና ነው አልኩ። ብዕራቸውን ከወረቀቱ ጋር እያስተካከሉ፣ እናትዎ ደህና ናቸው ወይ አሉ፤ ሆሺና ነግሯቸዋል ማለት ነው። ደህና ናቸው፣ ጸበል ናቸው አልኩ። ጸበል ምንድን ነው? የሚፈውስ ውኃ ነው፣ ሰው ሄዶ እዚያ እየሰነበተ ይጠመቅበታል አልኩ። ፊታቸው በራ፣ ፍል ውኃ ማለትዎ ነው አሉኝ፤ እኛም እናታችንን በየዓመቱ እንወስዳቸው ነበር፣ ለወገብ ጥሩ ነው። አዎ፣ እንደዚያ ነው አልኩ። ከሄዱ ቆዩ ወይ? ከሰኔ ጀምሮ ናቸው አልኩ። ብዕራቸው ቆመ። መስኮቱን አዩ፣ ግቢውን፣ በረዶው የዋጠውን የእግር ኳስ ሜዳ አዩ። ከሰኔ ጀምሮ ብለው ደገሙት፣ ለኔ ሳይሆን። ከዚያ አመሰግናለሁ፣ ወደ ሥራዎ ይሂዱ አሉኝ። እኔ የገመትኩት ሌላ ነው። እዚህ አገር በምስጋና የሚያልቅ ንግግር ብዙ ጊዜ መጥፎ ነገር ይዟል።

ከዚያ ሳምንቱ ሁሉ ተለወጠ። መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። ጠረጴዛዬ ላይ ማን እንዳስቀመጠው የማላውቀው የባቄላ ጣፋጭ አገኛለሁ፣ በማግሥቱ የብርቱካን ጭማቂ፣ በማግሥቱ እጅ ማሞቂያ። የበረዶ ጠረጋ ተራዬ ሲደርስ የሒሳቡ መምህር ቀድሞኝ ጠርጎታል። ረቡዕ የውስጥ ጫማዬን ሳላደርግ በካልሲ ኮሪደሩን ተሻገርኩ፣ ኒሺዋኪ አዩኝ፣ ዓይናቸውን መለሱ። ሰው የሚራራልህ ነገሩ ካበቃ በኋላ ነው። ተወስኗል አልኩ፤ ያ አባት አሸንፏል፣ ክፍል ጥዬ መውጣቴ ደግሞ ሚስማሩን መትቶታል፣ ቀኑን እየጠበቁ ነው። ስልኩ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ሆሺና እጁን አፉ ላይ አድርጎ በእንግሊዝኛ ሲያወራ አየሁት፣ ሆሺና፣ በእንግሊዝኛ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጀርባውን ለኔ ሰጥቶ፣ ጭንቅላቱን ለማያየው ሰው ደጋግሞ ዝቅ እያደረገ፤ አዲሱን መምህር እየቀጠሩ ነው አልኩ፣ እውነተኛውን። ኒሺዋኪ አጠገቡ ቆመው አንድ ነገር ይሉታል፣ እሱ ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ለኒሺዋኪ ይተረጉማል፣ እሳቸው ሌላ ያክላሉ። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ወረቀት የፈለጉ መሰሉ።

ዓርብ ሆሺናን ጫማ መደርደሪያው ጋ ያዝኩት። ልታባርሩኝ ከሆነ ንገሩኝ አልኩት፣ እንደዚህ በጃፓንኛ አይባልም፣ እኔ ግን አልኩት። ጫማውን እንደያዘ ቀረ። ማን ነው ያለሽ አለኝ። ማንም አላለኝም፣ ታስታውቃላችሁ አልኩት። የሚቀጥለው ዓመት ድልድል ላይ ስምሽ ከጥቅምት ጀምሮ አለ፣ ኒሺዋኪ ሰንሴ ለዚያ አባት መልስ የጻፉት ያኔውኑ ነው፣ ሰው አልነገረሽም ወይ አለኝ። ማንም አልነገረኝም። ለመንገር የሚያበቃ ነገር አልመሰላቸውም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ሥራው ካልሆነ ጣፋጩስ? ዝምታውስ? ሆሺና ጫማውን ሳያሥር፣ ወለሉን እያየ፣ እሑድ ጠዋት ቤት ትኖሪያለሽ ወይ አለኝ። የት እሄዳለሁ አልኩት። ጥሩ አለና በሩን ሳይዘጋ ሮጠ፣ በረዶ እየገባ።

ትናንት ደግሞ እማማ ኩዶ ግቢውን ተሻግረው መጡ፣ ባዶ እጃቸውን፣ ሳይደውሉ። እንደዚያ መጥተው አያውቁም። አጭር ናቸው፣ ወገባቸው ጎብጧል፣ ሲያወሩ ወደ ላይ ያዩኛል። ሶስና፣ ነገ ጠዋት ምንም ሳትበዪ ቆዪኝ አሉኝ። ለምን አልኳቸው። ሩዝ እጠቀልልልሻለሁ አሉኝ። ለሩዙ ነው? ለሩዙ ነው አሉ፣ ሰባ ዓመት ዋሽተው የማያውቁ ሴት ዓይናቸው ላይ እንደሚታይባቸው እየታየባቸው። ከዚያ እጄን ያዙኝ። እዚህ ሰው ሰውን አይነካም፤ ስምንት ዓመት እዚህ ግቢ ስኖር እማማ ኩዶ ነክተውኝ አያውቁም። ያዙኝና ቶሎ ለቀቁኝ፣ ቢቆዩ የሚናገሩ ይመስል። በሩን ዘግቼ ከኋላው ተቀመጥኩ። ጠዋት፣ ሳይበላ፣ በእረፍት ቀን። እነዚህ ሰዎች ይህን ከየት ያመጡታል? አላውቅም ብዬ ተኛሁ። አላውቅም ብዬ ነው ስገላበጥ ያደርኩት። አውቃለሁ።

ድፍ አለ። በረዶ ነው። እንደገና አለ፣ እንደገና፣ ተከታትሎ፤ በረዶ እንደዚህ በሥርዓት አይወድቅም፤ እግር ነው። በር ላይ ሰው ቆሞ ጫማውን ሲያራግፍ ይሰማኛል። አልነሣም። ካልተነሣሁ በሩ አይከፈትም፣ ካልተከፈተ አልሆነም፣ እንደገና ያቺኑ ጨዋታ። ሶስና፣ እኔ ነኝ ይላሉ እማማ ኩዶ ከውጭ፣ ቁልፉ እኔ ጋ አለ ግን አንቺ ክፈቺው። ተነሣሁ። እግሬ የማን እንደሆነ እንጃ ወሰደኝ። በሩን ሳንሸራትተው ሦስቱም ቆመዋል፣ በረዶው ትከሻቸው ላይ፤ ኒሺዋኪ፣ ሆሺና፣ እማማ ኩዶ፣ ሦስቱም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው፣ የኒሺዋኪ ክራባት ጥቁር፣ እጃቸው ላይ መቁጠሪያ። ስላስቸገርን ይቅርታ አላሉም። ጎንበስ አላሉም። ገብተው ጫማቸውን አወለቁ፣ ሆሺና ማሞቂያውን ለኮሰ፣ እማማ ኩዶ ክንዴን ይዘው መሐል ክፍሉ ላይ አስቀመጡኝና እሳቸው ከኋላዬ ተንበረከኩ፣ ሁለት እጃቸውን ወገቤ ላይ አድርገው፤ ያቺ የጎበጠች አሮጊት፣ እኔን ልትደግፍ። ኒሺዋኪ ሆሺናን ጠየቁት። ከኋላዋ ሰው ሆነ? አዎ። በር ላይ አይደለም፣ ተቀምጣለች? አዎ ተቀምጣለች። አልበላችም? አልበላችም። የእህቴ ድምፅ ነው በነሱ አፍ ውስጥ የምሰማው። ብቻዋን አትንገሯት፣ ቆማ አትንገሯት፣ ከኋላዋ ሰው ይሁን፣ ታላቅ ሰው ይንገራት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ወለል ስወለውል፣ ኒሺዋኪ ሆሺናን ስልኩ ጋ አቁመውት፣ ስቀጠር በሞላሁት ቅጽ ላይ ባለው የእህቴ ቁጥር ጎባ አስደውለዋል። ከዚያም ደጋግመው አስደውለዋል፤ ስሕተት እንዳይኖርበት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚባል።

ኒሺዋኪ ፊቴ ተንበረከኩ። በየማለዳው ስብሰባ የሚመሩ ሰው ናቸው፣ ቃል አጥሯቸው አያውቅም። «ሶስና ሰንሴ፣ በጎባ ያሉት እህትዎ በአደራ የሰጡን ነገር አለ» አሉ። ቀጥሎ የሚሉትን አጥንተውታል፣ ከንፈራቸው ላይ ይታየኛል፣ አልወጣም። መቁጠሪያውን ጨበጡ፣ ለቀቁ። እንደገና ጀመሩ፣ ሶስና ሰንሴ ላይ ቆሙ። ያን ጊዜ ከኋላዬ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ በዚያ የገበሬ አነጋገራቸው፣ ሳይለሳለስ ሳይጣደፍ መጣ።

«እናትሽ ሞተዋል፣ ልጄ። በሚያዝያ ነው ያረፉት። ይኸው ሰማሽ።»

ምንም አልሆንኩም። ማሞቂያውን አያለሁ፣ የሆሺናን ካልሲ አያለሁ። እማዬ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፤ እዚህ የቼሪው አበባ በወንዙ ዳር ወጥቶ ልጆቹን ፎቶ ሳነሣ ነበር ያን ሰሞን፣ ልኬላታለሁ፣ ማን አየው? ሆሺና ስልክ እጄ ላይ አደረገልኝ። እህቴ እንደነቃች ነበር፣ ጎባ ገና ሌሊት ነው፣ ከኋላዋ ሰው አለ፣ ቤቱ ሙሉ ነው፣ ይሰማል፤ እነሱም እንደገና ሊያለቅሱልኝ ተሰብስበዋል። «ሶስዬ» አለች፣ ያ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ ተሰነጠቀ፣ «ለማን አደራ ብዬ ልንገርሽ? ማን ይይዝሻል? አለቃሽ አስደውለው እናትሽ የት ናቸው ሲሉኝ ነው ሰው እንዳለሽ ያወቅሁት።» ከዚያ ማዶ ልቅሶው ፈነዳ። የኔም ከሆዴ ተነሣ፣ ደረቴን አለፈ፣ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ሁለት እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እዚህ ሰው እንደዚያ አያለቅስም። እማማ ኩዶ ባላቸውን የቀበሩ ቀን በመሐረብ ዓይናቸውን ብቻ ነው የነኩት፣ ዕድር ጡሩምባ የለም፣ ደረት የሚመታ የለም፤ ቤቶቹ ተጠጋግተዋል፣ ሰው ተኝቷል፣ እሑድ ነው፣ አይቻልም። ትንፋሼ በአፍንጫዬ እየገባ እየወጣ ታፍኜ ተቀመጥኩ። እማማ ኩዶ ወገቤን አጥብቀው ይዘውኛል፣ ስልኩ ታታሚው ላይ ወድቆ ጎባ ይጮኻል።

ኒሺዋኪ እጆቼን አዩ። ለምን እንዳፈንኩት ገባቸው። ተንበርክከው እንዳሉ ጠጋ አሉኝ፣ ድምፃቸው ተመልሷል፣ ስለ በረዶ ጠረጋ እንደሚያስረዱ ያለ ድምፅ።

«ትናንት ጎረቤቱን ሁሉ በየቤቱ ዞሬ አነጋግሬያለሁ» አሉ። ጣሪያ የሚያሠራ ሰው ለሚመጣው ጩኸት አስቀድሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ለየቤቱ አንድ አንድ ፎጣ ይዘው። «ነገ ጠዋት ከዚህ ቤት ድምፅ ይወጣል፣ ይቅርታ አድርጉልን ብያቸዋለሁ። እስከ ስንት ሰዓት ነው አሉኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«እስኪወጣልዎ ድረስ ነው አልኳቸው።»

እጆቼን ከአፌ ላይ አነሣሁ።